ከውጭ ስሙ ይበቃል

በሽኝቴ ዕለት መስፍን ማይክራፎኑን ይዞ፣ «ጋሽ አስፋው ምንም የማይደብቁ ሰው ናቸው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔ የለበስኩትን የስጦታ ጋቢ ጫፍ ይዤ ወለሉን አያለሁ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች የሒሳብ ክፍል ልጅ ለጓደኛዋ፣ «ውይ፣ አፈሩ እኮ!» ስትላት ሰማሁ። አዎ፣ አፍሬ ነበር። ከምስጋናው ብዛት መስሏት ከሆነ ግን ተሳስታለች።

ጡረታ የወጣሁት ከአንድ የቡና ዩኒየን ነው፤ ስሙን ልተወው። ቢሮው ዲላ ነው። በዞኑ ውስጥ የተበተኑ የቡና እጥበት ጣቢያዎች አሉት፤ ጪጩ፣ ጨለለቅቱ፣ ወርቃና ሌሎችም። መስፍን የዩኒየኑ ኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነው። ከዚያም በላይ አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ይህቺን አበልጅነት ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ስቀጠር ሬዲዮና ቴፕ መጠገን የምችል፣ በማታ ትምህርት ትንሽ ፕሮግራም የቀመስኩ ሰው ነበርኩ። ደመወዙ ከሬዲዮ ጥገናው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ በስልክ መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት ሠርተው ወደ ዩኒየኑ የመጡት ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የትኛው ጣቢያ ባዶ ገንዳ እንዳለው፣ የትኛው እንደሞላ ዲላ ያለው የስምሪት ክፍል ማወቅ አለበት፤ መኪና የሚልከው ያንን አይቶ ነው። በየጣቢያው ትንሽ መሣሪያ አለች። ቡና ተረካቢው ቁልፍ ይጫናል፣ መሣሪያዋ በሞባይል ኔትወርክ መልእክቱን ትልካለች፣ ዲላ ስክሪን ላይ ይወጣል። መልእክቱን የሚያመላልሰው ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ያንን የጻፉት ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ ከሳቸው በኋላ ደግሞ እኔ ያዝኩት።

በሲ ሲጻፍ ሥራው በሁለት ዓይነት ፋይል ይከፈላል። አንደኛው ሄደር ይባላል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያዩት የውጭ ፊቱ ነው፣ ምን ምን ማዘዝ እንደሚቻል ይናገራል። ሥራው ራሱ ያለው በሌላኛው ፋይል ነው። ጋሽ ታፈሰ ሄደራቸው ላይ የሚጽፉት ጥቂት ነገር ነበር፤ ክፈት፣ ላክ፣ ተቀበል፣ ዝጋ። «ግንኙነት» የሚባል ነገር እንዳለ ስሙን ብቻ ይጠቅሳሉ። ያ ግንኙነት በሆዱ ምን እንደያዘ፣ የመልእክቱ ማረፊያ ባፈር የት እንዳለ፣ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንዳቃተው፣ ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘውን ሞደም ጠባይ፣ ይህን ሁሉ ውስጠኛው ፋይል ውስጥ ይቆልፉታል። አንድ ትእዛዝ የሚፈጽም የፕሮግራም ቁራጭ ፈንክሽን ይባላል፤ ከፋይሉ መውጣት የሌለበት ፈንክሽን ሁሉ ፊቱ ላይ «ለውስጥ ብቻ» ማለት የሆነ ስታቲክ የሚል ቃል አለበት፤ ከረሳሁ እራሴው እስካገኘው ድረስ ዝም ብለው ከኋላዬ ይቆማሉ።

«ከውጭ ስሙ ይበቃል» ይሉ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ነገር ጽፌ ሳሳያቸው ነጭ ወረቀት አንስተው የስክሪኑን የታችኛውን ግማሽ ይሸፍኑና በፕላስተር ይለጥፉታል። ከላይ ሄደሩ ብቻ ይቀራል። «በል እንግዲህ፣ ይህን ብቻ እያየህ ተጠቀምበት» ይሉኛል። እጄ ወረቀቱን ለመግለጥ ከሄደ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ እንደገና እጽፋለሁ። ስንቱን ቀን በዚያ ወረቀት ተናድጄ ምሳ ሳልበላ እንደቀረሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥቅሙ የገባኝ ጪጩ ላይ ነው። መብረቅ የጣቢያውን ሞደም አቃጠለውና በምትኩ የተገኘው ጠባዩ ሁሉ የተለየ ሌላ ዓይነት ሆነ። እኔ ሳምንት ሙሉ ሥራ ሊቆም ነው ብዬ ነበር። ጋሽ ታፈሰ በምሳ ሰዓት ተቀምጠው አንድ ፋይል ብቻ ቀየሩ። የስምሪት ሠራተኛው ምሳውን በልቶ ሲመለስ ስክሪኑ እንደነበረ ነው። ሞደም መቀየሩን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ቢሮው ግን አይወዳቸውም ነበር። ስስታም ይሏቸዋል። አንድ ቀን መስፍን፣ ያኔ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለ፣ መጥቶ ሲጠይቃቸው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ውስጡን ባየው ምን አለበት?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ስንት ጊዜ ሞክሮ እንዳልተሳካለት ስክሪን ላይ ላወጣው ነው።»

«እሱን የሚነግርህ ፈንክሽን ነገ እሰጥሃለሁ። ውስጡን ግን አልሰጥህም፤ አንድ ቀን እቀይረዋለሁ፣ ያኔ አንተ ላይ ይፈርሳል።»

በማግስቱ ሰጡት። መስፍን ግን በየሻይ ቤቱ ያወራው እምቢታቸውን ነው። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ሲወጡ እኔ እንደሳቸው ገብጋባ አልሆንም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሰው እንዲወደኝ እፈልግ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ በፊት የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው።

ጋሽ ታፈሰ ጡረታ ወጥተው ቦታቸውን ስረከብ የመስፍንን ልጅ ክርስትና አንስቼ ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ጋበዘኝ። ሚስቱ ያጎረሰችኝን ገና ሳልውጥ መስፍን፣ «አበልጅ፣ ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፤ ስክሪኑ ቀርፋፋ ነው ብለው ያሙኛል። የመጨረሻው መልእክት ያረፈበትን ባፈር ራሴ በቀጥታ ላንብበው፤ ቅርብ ነገር ነው» አለኝ።

ትክክለኛው መልስ የጋሽ ታፈሰ መልስ ነበር። የጣቢያውን ስምና መልእክቱን አንድ ላይ ገልብጦ የሚሰጥ ፈንክሽን መጻፍ አንድ ቀን ይፈጅብኛል፤ ስለዚህ ማክሰኞ ይደርሳል ማለት ነበረብኝ። ግን በሰው ማዕድ ላይ፣ ያውም በአበልጅ ማዕድ፣ የጎረስኩትን ይዤ እንዴት እምቢ ልበል? ያቃተኝ እሱ ነው። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ሰኞ ጧት ያንን ሁሉ ዓመት ተቆልፎ የኖረውን ስትራክት፣ ግንኙነቱ በሆዱ የያዘውን የሚዘረዝረውን ክፍል፣ ከውስጠኛው ፋይል ቆርጬ ሄደሩ ላይ ለጠፍኩት። የግንኙነቱ ሆድ ዕቃ ለሁሉ ታየ። መስፍን የየጣቢያውን ባፈር የሜሞሪ አድራሻ ወስዶ ያዘ፣ ስክሪኑ ፈጠነ፣ እንግዶቹ ተደሰቱ፣ እኔም ደግ ሰው ተባልኩ።

ከጊዜ በኋላ ጣቢያዎቹ በዙና የዲላው አሮጌ ማሽን ሜሞሪው አልበቃ አለ። ስለዚህ ውስጡን ቀየርኩ። ለእያንዳንዱ ጣቢያ የግል ባፈር ከመያዝ ይልቅ የወል አደረግኋቸው፤ አንዱ ጣቢያ ጨርሶ ሲለቅ ሌላው ይረከበዋል። የራሴን ሥራ በደንብ ፈተሽኩ፣ ሁሉም አለፈ። ለማንም አልነገርኩም፤ ውስጡ የኔ ነውና የውስጡን ስቀይር ለማን አስታውቃለሁ? ለመስፍን የሰጠሁትን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። የሱ ስክሪን አሁንም የድሮውን አድራሻ ይዞ ያነባል።

የለቀማው ጊዜ በደረሰ ጊዜ የጨለለቅቱ መፈልፈያ ተሰበረ። ገበሬው ቡናውን ተሸክሞ መጥቶ ግቢው ሞልቷል። የስምሪት ክፍል ስክሪኑን ቢያይ ከወርቃ ስም አጠገብ «ባዶ ገንዳ አለ» ይላል። ቡናውን ጭነው ወደ ወርቃ ላኩ። የወርቃ ቡና ተረካቢ ወይዘሮ ብርቄ የምትባል የዚያው አገር ሴት ነበረች፤ መኪናዎቹ ሲደርሱ ገንዳዎቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው። «ሞልቷል ብዬ ልኬ የለም ወይ?» ትላለች፤ ሾፌሮቹ «አንቺው ነሽ ባዶ ነው ያልሽው» ይላሉ። መሸ፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ሌላ ጋ መሄድ አልተቻለም። ጧት ጆንያዎቹ ውስጥ እጅ ሲገባ ይሞቃል። የጨለለቅቱ ሰው የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ኮመጠጠ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ እኔን ይዞ ወርቃ ሄደ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሾፌሮቹ፣ ገበሬዎቹ፣ ቡናው ተሰጥቶ ከሚደርቅበት ከማድረቂያ አልጋው ሥራ ትተው የመጡ ሴቶች። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሽታለች አለ። ለዘመዶቿ ቡና ገንዳውን አስይዛ ነው የሚልም ተጨመረ።

«እኔ ሞልቷል ብዬ ነው የላኩት» አለች። «ጌታ ያውቃል። ቁልፉን በእጄ ነው የተጫንኩት።»

«አስፋው፣ መሣሪያው ምን ይላል?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

መሣሪያዋን ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁ። የላከችውን አታስቀምጥም፤ መላክ መቻሏን ብቻ ነው ያየሁት። ትልካለች። ቀና ብዬ፣ አፌን ሞልቼ፣ «መሣሪያው ደህና ነው። እኛ ጋ ችግር የለም» አልኩ።

ወይዘሮ ብርቄ ወደኔ ዞረች። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እስቲ ደግመህ እይ» አለችኝ።

«አይቻለሁ፤ አንቺ ሥራሽን እይ» አልኳት።

ያን ቀን ከተረካቢነት ተነሥታ ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር እንድትሠራ ተደረገ። ስንወጣ ሰው ሁሉ ከሷ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆሞ ነበር። የገዛ ጎረቤቶቿ ናቸው።

ጋሽ ታፈሰ አልፎ አልፎ ሻይ ለመጠጣት ቢሮ ብቅ ይሉ ነበር። በዚያው ሳምንት መጡና ነገሩን እንደ ወሬ ነገርኳቸው፤ እየሳቅሁ ጭምር። ሻያቸውን አስቀመጡ። «ወረቀት አምጣ» አሉኝ። እንደ ጥንቱ የስክሪኑን ታች ሸፈኑና ሄደሩን አዩ። ብዙም አልቆዩ።

«ይህን ሆዱን ማን አወጣው?»

መስፍን ለምኖኝ እኔ እንዳወጣሁት ነገርኳቸው። የመስፍንን ፕሮግራም እንድከፍት አዘዙኝ፤ የያዘው አድራሻ እዚያው ተጎልቷል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ «ይሄ ልጅ ወርቃ እዚህ ይኖራል ብሎ ያንኳኳል። አንተ ቤቱን ለጪጩ አከራይተኸዋል» አሉ። ጪጩ በዚያ ቀን ገንዳው ባዶ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«ሴትየዋን ሄደህ ንገራት» አሉኝ።

«እነግራታለሁ፣ ጋሼ።»

አልነገርኳትም። በመስፍን ፕሮግራም ላይ ያለውን ስሕተት በጸጥታ አስተካከልን፤ ለሥራ አስኪያጁ «የሲስተም ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል» ብዬ አሳወቅሁ። እሱም ማን አጠፋ አላለም። አንድ ሰው ወደ ወርቃ ደውሎ «ሲስተም ነው» አላት። ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር እዚያው አልጋው ላይ ቀረች። እኔ እውነቱን ብናገር የመስፍን ስም ይነሣል፣ ሚስቱ ታዝናለች፣ የክርስትና ልጄ አባት ከሥራ ይባረራል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውሸት ነው። ያን ቀን በሰው ፊት «እኛ ጋ ችግር የለም» ያልኩት ሰው መባልን ነው የፈራሁት። የፕሮግራሙን ሆድ ለአበልጄ ዘርግፌ፣ የራሴን ጥፋት ግን «ሲስተም» በምትል አንዲት ቃል ቆለፍኩት። ጋሽ ታፈሰ በመጡ ቁጥር «ነገርካት?» ይሉኝ ነበር። በኋላ መጠየቁን ተዉት። ሳይጠይቁኝ ነው የሞቱት።

ያ ስትራክትም ሄደሩ ላይ እንደተለጠፈ ኖረ። ሌሎችም አይተው እጃቸውን ስለሰደዱ መመለሱ ከባድ ሆነ። ውስጡን ለመቀየር ባሰብኩ ቁጥር የማን ፕሮግራም ይፈርስ ይሆን እያልኩ እተወዋለሁ። በገዛ ቤቴ ዕቃ ማንቀሳቀስ አቅቶኝ ስንት ዓመት!

የጡረታ ወረቀቴ ሲጀመር ቆርጬ ተነሣሁ። ስትራክቱን ወደ ውስጠኛው ፋይል መለስኩት፤ ሄደሩ ላይ ስሙን ብቻ ተውኩ። ወዲያው የሁሉም ፕሮግራም ኮምፓይል መሆን፣ ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር፣ እምቢ አለ። ልጆቹ ተራ በተራ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሙ። «ጋሼ ምን ነካዎት፣ ሁሉ ነገር ኤረር ሆነ እኮ!» አለችኝ አንዷ፤ ከዩኒቨርሲቲው ገና የወጣች ነች። «ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት። የፈለገችውን ፈንክሽን ጻፍኩላት። ለእያንዳንዳቸው እንዲሁ አደረግሁ። መጨረሻ ላይ መስፍን መጣ።

«አበልጅ፣ ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀርህ ምነው? እንደነበረ ተወው በቃ።»

«አይሆንም» አልኩት። ለሱ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። «ደግሞ ወርቃ እሄዳለሁ። ያንተን ስም አላነሣም። የራሴን አነሣለሁ።»

ዞሮ ወጣ። ከዚያ በሽኝቱ ላይ ነው «ምንም የማይደብቁ» ያለኝ። በክፋት ይሁን በፍቅር እስካሁን አልለየሁትም።

ወርቃ የወረድኩት በሳምንቱ ነው። ከአስፋልቱ ጀምሮ በሞተር ሄድኩ። ወይዘሮ ብርቄ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ያኔ «አንቺ» ብያት ነበር፤ አሁን አፌ ላይ የመጣልኝ «እርስዎ» ነው።

«ያስታውሱኛል?»

«መሣሪያው ደህና ነው ያልከው ሰው ነህ» አለችኝ፣ እጇን ሳታቆም።

«ስለሱ ነው የመጣሁት። መሣሪያው ደህና ነበር፤ ዲላ ያለው ባፈር ግን...»

እጇን አነሣች። «እሱን ተው። እሱ ለኔ አይገባም። ያኔ ሲስተም ተሳሳተች አሉኝ። እኔ ስንት ዓመት አሰብኩ። ሲስተም ላይ እንዴት ሰው ይቆጣል? ቤቷ አይኬድ፣ ሽማግሌ አይላክባት። ማን ነው እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«እኔ ነኝ።»

ለቀማዋን አቆመች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝም ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣችም። «ለኔ ብቻ አይሆንም። ያኔ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አሁንም ሰው ይስማ» አለችኝ። ወደ አልጋዎቹ ዞራ በጌዴኦኛ ተጣራች። ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ሁለት ሦስቱን አሮጊቶች ከዚያን ቀን አወቅኋቸው፤ እነሱም ያወቁኝ መሰለኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። ጌዴኦኛ ግን ከሰላምታ አላልፍም፤ ይህም ሌላው ኀፍረቴ ነው። በአማርኛ ተናገርኩ። «ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርቄ ሞልቷል ብለው ነው የላኩት። አልዋሹም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳውቅ ደግሞ ዝም አልኩ። አስፋው እባላለሁ።»

አማርኛ የማይሰሙት አሮጊቶች ወደ ወይዘሮ ብርቄ ዞሩ። እሷ ተረጎመችላቸው። እኔ ካልኩት እጅግ የረዘመ ነበር፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ከፍ አለ፣ ወደ ገንዳዎቹ ጠቆመች፣ ወደኔም ጠቆመች። ከዚያ ሁሉ ንግግር የለየሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አስፋው። አንዷ አሮጊት ከአፏ ተቀብላ ስሜን ቀስ ብላ ደገመችው። ሴቶቹ ሁሉ አዩኝ።

የቀረውን ምን ብላ እንደነገረቻቸው አልጠየቅሁም። አንገቴን ደፍቼ እስክትጨርስ ቆምኩ።